ልጅን ለዴይኬር የበረዶ ጨዋታ ማልበስ፦ የትኛው ልብስ ለየትኛው ልጅ?

ሚኒሶታ ውስጥ ዴይኬር (የሕፃናት መዋያ) የሚውል ልጅ በዊንተርም ደጅ ይጫወታል። ይኼ ነገር ከአገር ቤት አዲስ ለመጡ ወላጆች ቶሎ አይዋጥላቸውም። «በዚህ ብርድ ሕፃን ይወጣል እንዴ?» ይላሉ። አዎ፣ ይወጣል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከሌሎች ጋር ሆኖ ያዘጋጀው አገር አቀፍ የዴይኬር ጤናና ደኅንነት መመሪያ አለ። ነፋሱ ተጨምሮበት የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ፋራናይት (ከዜሮ በታች 26 ሴልሺየስ ገደማ) ሲወርድ ለልጆች አደገኛ ነው ይላል። ብዙ ዴይኬሮች እዚያ ሳይደርስ ቀደም ብለው ያቆማሉ። የእናንተው የት ላይ እንደሚያቆም ጠይቁ። ከዚያ መለስ ባለው ቀን ልጁ መውጣቱ አይቀርም። የቀረው ጥያቄ ምን ለብሶ ይውጣ የሚለው ነው።

እኔ ሴንት ፖል ውስጥ ከሁለትና ከሦስት ዓመት ልጆች ጋር ነው የምሠራው። ብርዱ ሲገባ የቀናችን ትልቁ ሥራ ማልበስና ማውለቅ ይሆናል። ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ለአንዱ ዚፑን ስንዘጋ ሌላው ጫማውን አውልቆ ይሮጣል። መጀመሪያ የለበሰው ልጅ የመጨረሻው እስኪለብስ ላብ በላብ ይሆናል። ወላጅ ሱቅ ውስጥ ልብሱን ጨመቅ ጨመቅ አድርጎ ውፍረቱን ያያል። እኔ ከውፍረቱ በፊት ሁለት ነገር አያለሁ። አንደኛ፣ ልጁ ግማሽ ሰዓት በረዶ ላይ ተንከባልሎ ደረቅ ሆኖ ይመለሳል ወይ? ሁለተኛ፣ ልብሱን ማን ነው የሚያለብሰው? ከዚህ በታች ያሉትን ምርጫዎች ሁሉ የማነጻጽረው በእነዚህ ሁለት ነው።

ደረቅ ብርድና እርጥብ ብርድ

ሰው ሁሉ የሚፈራው የጃንዋሪን ብርድ ነው። ሚኒያፖሊስ በጃንዋሪ ሌሊቱ በአማካይ 9 ዲግሪ ፋራናይት አካባቢ ይወርዳል፤ ቀኑም ከ25 ብዙ አይዘልም። ግን በዚያ ብርድ በረዶው ደረቅ ዱቄት ነው። ልብሱን መታ መታ ሲያደርጉት ይራገፋል። ልጅን የሚያበሰብሰው 30 ዲግሪ አካባቢ ያለው በረዶ ነው፤ የኖቬምበሩና የማርቹ። ሊቀልጥ ትንሽ ቀርቶታል። ጉልበት ላይ ይለጠፋል፣ በመቀመጫ በኩል ይሰርጋል፣ ከሥሩ ደግሞ ጭቃ አለ። በእኛ ክፍል እጁ ቀዝቅዞ የሚያለቅስ ልጅ የሚበዛው ወላጆች «ዛሬስ ሞቅ ብሏል» ብለው ቀለል አድርገው ባለበሱበት በእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ስለዚህ ስትገዙ ለየትኛው ብርድ እንደምትገዙ እወቁ። ለደረቅ ብርድ የሚያስፈልገው ሙቀት የሚይዝ ውስጥና ነፋስ የሚከለክል ላይ ነው። ለእርጥብ ብርድ ውሃ የማያስገባ ጨርቅ ያስፈልጋል። ሁለቱንም የያዘ ከተገኘ እሰየው። አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነ ግን ለዴይኬር ውሃ የማያስገባውን ውሰዱ። ሙቀትን ከሥር በመደረብ መጨመር ይቻላል። የገባን ውሃ ግን የሚመልሰው የለም።

መለያው ላይ የተጻፈውንም አስተውሉ። «ዋተር ሬዚስታንት» የሚለው ጥቂት ጠብታ ይቋቋማል እንጂ በረዶ ላይ የሚቀመጥ ልጅን አይችልም። «ዋተርፕሩፍ» የሚለውን ፈልጉ። አንዳንዱ ልብስ ላይ 5,000 ወይም 10,000 ሚሊ ሜትር የሚል ቁጥር አለ፤ ጨርቁ ምን ያህል የውሃ ግፊት እንደሚችል ነው የሚናገረው። ልጅ ሲንበረከክና ሲቀመጥ ክብደቱ ውሃውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ስለዚህ ለሱሪው ከፍ ያለውን ቁጥር፣ ለጃኬቱ ዝቅ ያለውን ብትወስዱ ችግር የለውም። ብዙ ወላጅ የሚያደርገው የዚህን ግልባጭ ነው። ውዱን ጃኬት ይገዛና ለሱሪው የተገኘውን ያደርጋል።

ከሥር፦ ጥጥ፣ ፍሊስ ወይስ ሱፍ

እኛ ጥጥ እንወዳለን። ለቆዳ ይስማማል፣ ለሕፃን ይመረጣል፣ ጋቢውም ጥጥ ነው። ጋቢ ቤት ውስጥ የሚያሞቀው ደረቅ ሆኖ በድርብርቡ መሃል አየር ስለሚይዝ ነው። ላብ የጠጣ ጥጥ ሌላ ነገር ነው። ውሃውን ይዞ ይቀራል፣ ቆዳ ላይ ይለጠፋል፣ የልጁን ሙቀት ይወስዳል። ልጅ ሲሮጥ ያልበዋል። ከዚያ የበረዶ መንሸራተቻው ጋ ተራ ሊጠብቅ ይቆማል። መንቀጥቀጥ የሚጀምረው ያኔ ነው።

ሱፍ፣ በተለይ ሜሪኖ የሚባለው ለስላሳው፣ ከሁሉም ይሻላል። የክብደቱን ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ጠጥቶ እንኳ እርጥብ አይመስልም፣ ማሞቁንም አያቆምም። ጉዳቱ ዋጋው ነው። ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ከገባም የአሻንጉሊት ልብስ ሆኖ ይወጣል። ሠራተኛ ቤተሰብ ልብስ ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚያጥበው፤ እኔ ይኼን ቀላል አድርጌ አላየውም።

ከፖሊስተር የተሠራው ስስ የውስጥ ልብስ ርካሽ ነው። ቶሎ ይደርቃል፣ ማሽንም አይፈራም። ፍሊስ የሚባለው ፀጉራም ለስላሳ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ደግሞ ከዚያ በላይ የሚደረብ ነው። ሞቃትና ቀላል ነው፣ ነፋስ ግን ያሳልፋል። ላዩ ላይ ነፋስ የሚከለክል ነገር ከሌለ ብቻውን አይበቃም።

ለዴይኬር የኔ ምርጫ ስስ ፖሊስተር ከሥር፣ ፍሊስ ከላዩ፣ ሱፍ ለካልሲ ብቻ ነው። ምክንያቴ ዋጋ ብቻ አይደለም። ልጁ የቀኑን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው 70 ዲግሪ ፋራናይት የሞቀ ክፍል ውስጥ ነው። ከሥር ወፍራም ሱፍ የለበሰ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲያልበው ይውልና ለመውጣት ስንዘጋጅ ውስጡ ርሷል። ሙቀቱን በሚወልቀው ልብስ ላይ አድርጉት። ፍሊሷ ከመስቀያው ላይ ትጠብቃለች፤ ስንወጣ እንደርባለን፣ ስንገባ እናወልቃለን።

አንድ ልመና አለኝ፦ ጂንስ አታልብሷቸው። ወፍራም ጥጥ ነው፣ ስኖው ፓንት (ከላይ የሚደረበው የበረዶ ሱሪ) ውስጥ አይታጠፍም፣ ከረጠበ እስከ ማታ አይደርቅም።

ሙሉ ስኖው ሱት ወይስ ጃኬትና ስኖው ፓንት

ወላጆች አብዝተው የሚጠይቁኝ ይኼንን ነው። መልሱ በልጁ ዕድሜ ይለያያል። ትክክለኛውን መለያ ልንገራችሁ፦ ልጁ ሽንት ቤት መሄድ ጀምሯል ወይስ ገና ዳይፐር ላይ ነው?

ዳይፐር ላይ ላለ ልጅ ሙሉውን ስኖው ሱት ግዙ። ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት አንድ ልብስ ነው። ልጁ ይድኻል፣ ይወድቃል፣ በብብቱ ይዘን እናነሳዋለን። ጃኬትና ሱሪ ከሆነ ባነሳነው ቁጥር ጃኬቱ ወደ ላይ ይሸሽና ወገቡ ይራቆታል፣ በረዶም ይገባል። በሙሉው ግን የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ለአስተማሪም አንድ ዚፕ ብቻ ነው። ስትመርጡ ዚፑ የት ድረስ እንደሚወርድ እዩ። እስከ ጭኑ መጨረሻ የሚወርድ ወይም በሁለቱም እግር በኩል የሚከፈት ከሆነ ልጁን ወለሉ ላይ አጋድመን በአንድ ጊዜ እናለብሰዋለን። እምብርት ላይ የሚያልቅ ዚፕ ትግል ነው። ውፍረቱንም አታብዙ። ልብሱን አልብሳችሁ ልጁ ቁጢጥ ብሎ መነሳት ከቻለ ልክ ነው። እጁን እንደ ክንፍ ዘርግቶ የሚቆም ከሆነ መጫወት አይችልም፤ የማይንቀሳቀስ ልጅ ደግሞ ቶሎ ይበርደዋል።

ልጁ ፖቲ ሲለማመድ ነገሩ ይገለበጣል። ግቢው መሃል «ሽንቴ መጣ!» ሲል ሁለት ደቂቃ እንኳ የለንም። ሙሉ ስኖው ሱት የለበሰ ልጅ ጓንቱ፣ ኮፍያው፣ ከዚያ የላይኛው ግማሽ በሙሉ መውለቅ አለበት። እጅጌዎቹ ሽንት ቤቱ ወለል ላይ ይጎተታሉ። ብዙ ጊዜ አይደርስም። ልጁም ያፍራል። ዳይፐር ለመተው ሲታገል የሰነበተ ልጅ በልብሱ ምክንያት ሲያፍር ማየት ያሳዝነኛል። ስለዚህ ፖቲ ከተጀመረ ጃኬትና ስኖው ፓንት ለየብቻ ይሁን፤ ሙሉው ስኖው ሱት ገና አዲስ ቢሆን እንኳ ለቅዳሜና እሁድ ይቀመጥ።

ስኖው ፓንትም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እስከ ደረት የሚደርስና በትከሻ ማንገቻ ያለው ነው። ሌላው እንደ ተራ ሱሪ ወገብ ላይ በላስቲክ የሚያዝ። ባለማንገቻው ጀርባን ይሸፍናል፣ አይወርድም፣ ልጁ ሲያድግ ማንገቻው ይረዝማል። ባለላስቲኩ ግን ቶሎ ይወልቃል። እስከ አራት ዓመት ባለማንገቻውን እመርጣለሁ። ግን ማንገቻው ልጁ ራሱ በአንድ እጅ ሊከፍተው የሚችል መሆኑን ሱቅ ውስጥ ሞክሩ። ጠንካራ የፕላስቲክ ማያያዣ ያለው ለእኛም ለብርድ ጣታችን ያስቸግራል። ከአራት በኋላ፣ ጃኬቱ መቀመጫውን የሚሸፍን ረጅም ከሆነ፣ ባለላስቲኩ ይበቃል።

ሱሪው የትኛውም ቢሆን ታችኛውን ጫፍ ገልብጣችሁ እዩ። ከውስጥ ላስቲክ ያለው ሁለተኛ ጨርቅ መኖር አለበት። እሱ ነው ቡትሱ ላይ ተጠብቆ በረዶ እንዳይገባ የሚያደርገው።

ጃኬት ላይ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛው የሚሞላበት ነው። የላባ ጃኬት ለክብደቱ እጅግ ሞቃት ነው፣ ከረጠበ ግን ይሟሽሽና ሙቀቱ ይጠፋል። በሰው ሠራሽ የተሞላው፣ ለምሳሌ እዚሁ ሴንት ፖል አጠገብ ሜፕልውድ ያለው 3ኤም የሚያመርተው ቲንሱሌት፣ ረጥቦም በመጠኑ ያሞቃል። ለትንሽ ልጅ በሰው ሠራሽ የተሞላውን እላለሁ። ሁለተኛው የኮፍያው ገመድ ነው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው መመሪያ ከ2ቲ (የሁለት ዓመት ልጅ ቁጥር) እስከ 12 ቁጥር ባሉ የልጆች ጃኬቶች ኮፍያና አንገት ላይ የሚጎተት ገመድ እንዳይኖር አሳስቧል። ሸርተቴ ላይ ተይዞ ልጆች ታንቀው ሞተዋልና። አዲስ ጃኬት ላይ ብዙም አታገኙትም። ከአገር ቤት የተላከ ወይም የቆየ ጃኬት ከሆነ ግን ገመዱን ጎትታችሁ አውጡት።

ዋጋ ከጨመራችሁ አይቀር ርዝመት ለሚጨምር ልብስ ጨምሩ። ኮሎምቢያ «አውትግሮውን» ብሎ የሚሸጠው እጅጌና እግር ውስጥ የተሰፋ ክር አለው፤ ክሩን ስትቆርጡት አንድ ኢንች ተኩል ያህል ይረዝማል። አንድ ተጨማሪ ዊንተር ያስገኛል።

ልጁ ራሱ እንዲለብስ

ሁለት ዓመት ተኩል አካባቢ ያለ ልጅ ጃኬቱን ራሱ መልበስ ይችላል። እኛ የምናስተምረው እንዲህ ነው። ጃኬቱ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ይከፈታል፣ ኮፍያው ወደ ልጁ እግር ይሆናል። ልጁ ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን እጅጌዎቹ ውስጥ ይከታል። ከዚያ በራሱ ላይ አሳልፎ ወደ ኋላ ይወረውረዋል። ለብሶ ሲገኝ ፊቱ ላይ የሚነበበው ኩራት ልዩ ነው። ቤት ውስጥ አንድ ሳምንት አለማምዱት። ቅደም ተከተሉንም አስለምዱት፦ ስኖው ፓንት፣ ቡትስ፣ ጃኬት፣ ኮፍያ፣ ጓንት። ጓንት ቀድሞ የለበሰ ልጅ ዚፕ መያዝ አይችልም።

የዚፑ መሳቢያ ትንሽ ከሆነ የቁልፍ ቀለበት አስገቡበት። ለትንሽ ጣት ትልቅ ልዩነት አለው።

ጓንት

ገንዘባችሁን እዚህ ላይ አውጡ። ከሁሉ ቀድሞ የሚረጥበው እጅ ነው፣ ጨዋታውን የሚያስቆመውም እጅ ነው።

ጣት ጣት ያለው ጓንት ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም። አራቱ ጣቶች ተለያይተው ስለሚገቡ አንዱ ሌላውን አያሞቀውም። የሁለት ዓመት ልጅ አምስት ጣት በአምስት ቀዳዳ ለማስገባት የሚወስደውን ጊዜ ደግሞ ያየ ያውቀዋል። ሁለት ጣት አንድ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፣ አውራ ጣቱ ይጠፋል፣ ልጁ ያለቅሳል። አራቱ ጣት አንድ ላይ የሚገባበትን ሚተን ግዙ። ከአንድ ዓመት ተኩል በታች ለሆነ ልጅ አውራ ጣት እንኳ የሌለው፣ እንደ ከረጢት ያለው ይሻላል።

ሚተንም ከሚተን ይለያል። በሱፍ ወይም በክር የተሠራው ያምራል። በጃንዋሪ ደረቅ ብርድም ያሞቃል። እርጥብ በረዶ ላይ ግን በረዶው ክሩ ላይ እየተንጠለጠለ ትንንሽ ኳስ ይሠራል፣ ከዚያ ይቀልጣል። ስሱ ፍሊስም እንዲሁ ነው። ለዴይኬር የሚሆነው ላዩ ውሃ የማያስገባ ናይለን፣ ውስጡ የተሞላ፣ አንገቱ እስከ ክርን የሚጠጋ ረጅም ሚተን ነው። በጎኑ ዚፕ ወይም ሰፊ መለጠፊያ ቢኖረው እጁ በቀላሉ ይገባል።

ልጁ እያወለቀ የሚጥል ከሆነ ረጅሙን ሚተን ከጃኬቱ በፊት አልብሱት። እጅጌው ከላይ ሲመጣ ማውለቅ አይችልም። ቅድም ካልኩት ቅደም ተከተል የሚለየው ይኼ ብቻ ነው፤ ራሱ መልበስ ላልጀመረ ልጅ ነው። ሁለቱን ጓንት በአንገት ዞሮ የሚያያይዘውን ረጅም ክር ግን ተዉት። እሱም እንደ ኮፍያው ገመድ ይይዛል።

ሁለት ጥንድ ላኩ። ጠዋት የረጠበው ለከሰዓት አይደርቅም። አንድ ውድ ጥንድ ከመላክ ሁለት መካከለኛ ይሻላል።

ቡትስ

ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ። የጎማና የኒዮፕሪኑ፣ እንደ ቦግስ ያለው፣ ውሃ አያስገባም። ላዩ ላይ መያዣ ስላለው ልጁ ራሱ ይጎትተዋል። በአፉ በኩል በረዶ ከገባበት ግን ውስጡ ስለማይወጣ በአንድ ሌሊት ላይደርቅ ይችላል። ውስጡ የሚወጣው፣ እንደ ሶሬል ያለው፣ ለከባድ ብርድ ተወዳዳሪ የለውም። ውስጡን አውጥቶ ማድረቅም ይቻላል። ይከብዳል ግን፤ መራመድ በቅርቡ የጀመረ ልጅ ይደናቀፍበታል። ሦስተኛው ውስጡ በፀጉር የተሞላ ለስላሳ ጫማ ነው። እሱ ለመኪናና ለቤተ ክርስቲያን እንጂ ለበረዶ አይደለም።

አንድ ብቻ ከሆነ የምትገዙት የጎማውን በሱፍ ካልሲ። ከጣቱ ፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይተው። «ይሙቀው» ብላችሁ ሁለት ካልሲ ጠባብ ጫማ ውስጥ አትጠቅጥቁ፤ ደም ካልተዘዋወረ እግሩ ይብሱን ይቀዘቅዛል። ክፍል ውስጥ የሚያደርገው ቀላል ጫማ ደግሞ ዴይኬር ይቀመጥ።

ራስ፣ ፀጉርና አንገት

የአንገት ሻርፕ አይላክ። የሚያንቅ ነገር ነው። በሱ ፈንታ በራስ የሚገባ የአንገት ማሞቂያ ወይም ባላክላቫ ይሁን። ባላክላቫ ራስን፣ ጆሮንና አንገትን አንድ ላይ ይሸፍናል፣ አይወልቅም፣ አይጠፋም። ለትናንሾቹ ከኮፍያ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።

የኛ ልጆች ፀጉር ግን የራሱ ጉዳይ አለው። ወደ ላይ የተያዘ ጎፈሬ ላይ መደብር ውስጥ ያለው ኮፍያ አይገባም። ከላይ ቁጭ ይልና ጆሮው ባዶውን ይቀራል። ሱፍ ኮፍያ ደግሞ ፀጉሩን ያደርቀዋል፣ ዳር ዳሩን ይበጣጥሰዋል። ውስጡ ሳቲን የሆነ ኮፍያ ወይም ባላክላቫ አለ፤ ካጣችሁ የሳቲን ጨርቅ ራሳችሁ ስፉበት። ሴት ልጅ ከሆነች እሁድ ማታ ጠፍጣፋ ሹሩባ ወደ ኋላ ብትሠሯት ሳምንቱን ትገላገላላችሁ። ዶቃ ያለው ሹሩባ ባላክላቫ ሥር ራሷን ይወጋታል። ቀለበት የመሰለ ጉትቻም ስናወልቅ ክሩን ይዞ ጆሮዋን ይጎትታል። ለዴይኬር ቀን ጠፍጣፋዋን ጉትቻ አድርጉላት።

ፊት ላይ ቫዝሊን መቀባት ቆዳው እንዳይሰነጣጠቅ ይረዳል። ከውርጭ ያድናል ብላችሁ ግን አትመኑበት።

በዛ ወይስ አነሰ?

አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ መጡ። ግቢ ውስጥ ሲጫወት አዩትና ጓንቱን አውልቀው እጁን ያዙት። «ልጄ፣ ይኼን ሕፃን ብርድ ይመታዋል እኮ። እጁ በረዶ ሆኗል» አሉኝ። «እማማ፣ እስቲ ጣትዎን በማጅራቱ በኩል ወደ ውስጥ ያስገቡ» አልኳቸው። ባላክላቫውን ገለጥ አድርገው ጣታቸውን ኮሌታው ሥር አስገቡና ትንሽ ቆዩ። «ኧረ ይሞቃል! እንደውም አልቦታል» አሉ። ፍሊሷን አወለቅንለት።

የልጅ እጅ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ሰውነቱ መሞቁን የሚናገረው ማጅራቱ ነው። ሞቃትና ደረቅ ከሆነ ልክ ነው። ካላበው አንድ ቀንሱ። ከቀዘቀዘ አንድ ጨምሩ ወይም አስገቡት። የሕፃናት ሐኪሞቹ ምክር ትልቅ ሰው በዚያ አየር ከሚለብሰው አንድ ድርብ ጨምሩለት የሚል ነው። አንድ። ሦስት አይደለም።

ቆዳን በተመለከተ አንድ ነገር ለአስተማሪዎቹም ንገሯቸው። ብርድ የመታው ቆዳ ነጭ ይሆናል እየተባለ ነው የሚነገረው። በጥቁር ልጅ ቆዳ ላይ ግን ግራጫ፣ አመድማ ወይም እንደ ሰም ያለ ሆኖ ይታያል፤ በቀላሉ ያመልጣል። ጉንጭ፣ አፍንጫ ጫፍ፣ ጆሮና ጣት ላይ ከዙሪያው ቆዳ የተለየ ቀለም ካያችሁ፣ ወይም ልጁ «አይሰማኝም» ካለ፣ ወዲያው ይግባ። በሰውነት ሙቀት ወይም ለብ ባለ ውሃ ይሙቅ። አትሹት፣ የሞቀ ውሃም አትጠቀሙ። ቀለሙ ካልተመለሰ ወደ ሐኪም ነው።

መኪና ውስጥ

ጠዋት ልጁን ስኖው ሱት አልብሶ ካር ሲት (የልጅ የመኪና ወንበር) ላይ ማሰር አደገኛ ነው። ወፍራም ልብስ በግጭት ጊዜ ይጨመቃል፣ ቀበቶው ይላላል፣ ልጁ ሊወጣ ይችላል። ለማረጋገጥ ጃኬቱን አልብሳችሁ ቀበቶውን አጥብቁ። ሳታላሉት ልጁን አውጡ፣ ጃኬቱን አውልቃችሁ መልሱት። አሁን ትከሻው ላይ ያለውን ቀበቶ በሁለት ጣት መቆንጠጥ ከቻላችሁ ጃኬቱ ለካር ሲት አይሆንም።

ታዲያ ምን ይሁን? ፍሊስ አልብሳችሁ እሰሩት። ከዚያ ቀበቶው ላይ፣ ከላይ፣ ጋቢ ጣል አድርጉበት። ጋቢ ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስላል፤ ሰፊ ነው፣ ይሞቃል፣ መኪናው ሲሞቅ ልጁ ራሱ ይገፈዋል። ፊቱ ላይ እንዳይወጣ ብቻ ተጠንቀቁ። ከሥሩ፣ በልጁና በቀበቶው መካከል፣ ምንም አይግባ። ስኖው ፓንቱና ጃኬቱ በከረጢት ይምጣ፤ እኛ እናለብሰዋለን።

አዲስ ወይስ ያገለገለ?

ጃኬት፣ ስኖው ፓንትና ስኖው ሱት ያገለገለ ግዙ። ልጅ በአንድ ዊንተር ስለሚያድግ ብዙው ሳያረጅ ነው የሚሸጠው። ዋንስ አፖን ኤ ቻይልድ የሚባሉት የልጆች ልብስ መደብሮች መንትዮቹ ከተሞች (ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል) ዙሪያ ሞልተዋል፤ የስሙ ባለቤት ዊንማርክም የሚኒያፖሊስ ኩባንያ ነው። ስትገዙ ዚፑን ከላይ እስከ ታች ሦስት አራቴ አሂዱት። የእጅጌውንና የእግሩን ላስቲክ ሳቡት። ጉልበቱና መቀመጫው ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉ፤ ኳስ ሆኖ ከተንከባለለ ደህና ነው፣ ከጠጣው ተዉት።

ጓንት አዲስ ይሁን። ያገለገለ ጓንት ውሃ መከላከሉን ያጣው መቼ እንደሆነ አይታወቅም። ቡትስ የቀድሞው ልጅ እግር ካላጣመመው፣ ጎማው ካልተሰነጠቀ ያገለገለ ይሆናል።

ከጃንዋሪ መጨረሻ ጀምሮ መደብሮች የዊንተሩን ዕቃ ያራግፋሉ። ለሚቀጥለው ዓመት ስኖው ፓንትና ጃኬት አንድ ቁጥር ከፍ አድርጋችሁ ብትገዙ ያዋጣል። ቡትስን ግን አስቀድማችሁ አትግዙ፤ የልጅ እግር በምን ያህል እንደሚያድግ አይገመትም።

ቀለሙ ደማቅ ይሁን። ብዙ ወላጅ ቆሻሻ አያሳይም ብሎ ጥቁር ይገዛል። መስቀያው ላይ ግን ጥቁር ስኖው ፓንት በጥቁር ስኖው ፓንት ላይ ተደራርቦ ይውላል። ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በማይለቅ ማርከር፣ መለያው ላይ ጻፉ። በአማርኛ የተጻፈውን የማነበው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ዕረፍት ስሆን ማንም አያገኘውም። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ናታን ሊኖር ስለሚችል የአባቱን ስም የመጀመሪያ ፊደል ጨምሩ። ጓንት ላይ ስትጽፉ በግራውም በቀኙም ይሁን፤ ቡትሱም እንዲሁ፣ በሁለቱም እግር።